ለአንድ እጅ የተጠረበ እንጨት

በ1896 ጆን ፔይን የተባለ የቦስተን ተኳሽ ወደ አቴንስ ሲጓዝ መንገዱን በፓሪስ በኩል አድርጎ ወንድሙን ሰምነርን ይዞት ሄደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወንድማማቾቹ በመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ላይ የኮልት ሪቮልቨር ይዘው ቀረቡና በ25 ሜትር የወታደራዊ ሽጉጥ ውድድር አንደኛና ሁለተኛ ወጡ፤ ጆን 442፣ ሰምነር 380 ነጥብ። ከዚያ ጆን ቦታውን ለወንድሙ ለቀቀለትና ሰምነር የ30 ሜትሩን ውድድር አሸነፈ።

የዚያ ዘመን ሪቮልቨር እጀታው ለወታደር ታስቦ የተሠራ ነው። ከአፎቱ ፈጥኖ እንዲመዘዝ፣ ጓንት ባጠለቀም ባላጠለቀም እጅ እንዲያዝ፣ ጣቱ ለረዘመውም ላጠረውም ሰው እኩል እንዲሆን። ለሁሉም እኩል የሆነ እጀታ ደግሞ ለማንም ልክ አይደለም። ተኳሹ እጁን ወደ ሽጉጡ ቅርጽ ያስገባል፣ ይለምደዋል፣ ያሸንፍበታልም። ከአቴንስ ወዲህ ያለውን የውድድር ሽጉጥ ታሪክ ስመለከት ግን ጎልቶ የሚታየኝ የዚህ ሥርዓት መገልበጥ ነው። ሽጉጡ ወደ እጅ እንዲመጣ የተደረገው ትግል ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ዋናው የትግል ሜዳም አፈሙዙ ወይም ቃታው ሳይሆን መዳፍ ሸፍኖት ተመልካች የማያየው እንጨት ነበር።

እንጨቱ ይህን ያህል የሚያሳስበው ለምንድን ነው? ስሌቱ ቀላል ነው። በዛሬው የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ላይ የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ በመካከላቸው 36 ሴንቲሜትር ያህል ርቀት አለ እንበል። የፊቱ ማነጣጠሪያ ከኋላው ጎድጓዳ መሃል 1 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢያፈነግጥ ጥይቷ ዒላማው ላይ ከመሃሉ 28 ሚሊሜትር ያህል ርቃ ታርፋለች። አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ዳር እስከ ዳር ስፋቱ 11.5 ሚሊሜትር ነው። ክንድ ቢወዛወዝና ሽጉጡ እንዳለ ቢንሳፈፍ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ሽጉጡ በእጅ ውስጥ ጥቂት ከዞረ ግን ነጥቡ ጠፋ። እጀታ የሚመረጠውም የሚሞረደውም ይህችን አንድ ሚሊሜትር ለመከላከል ነው።

ይህን ቀድመው የተረዱት በ50 ሜትር የሚተኩሱት ሰዎች ነበሩ። ውድድሩ "ነጻ ሽጉጥ" ይባላል፤ ነጻነቱም እውነተኛ ነው። ለክብደት ወሰን የለም፣ ለቃታ ክብደት ወሰን የለም፣ እጀታውም እጅን እንደፈለገ ሊያቅፍ ይችላል፤ የእጅ አንጓን አልፎ ክንድ ላይ እንዳይደገፍ ብቻ ነው የሚከለከለው። በጀርመንና በስዊዘርላንድ ያሉ ጠመንጃ ሠሪዎች በዚህ ነጻነት ተጠቅመው ለአውራ ጣት ማረፊያ፣ ለመዳፍ ግርጌ መደገፊያ እየጨመሩ እንጨት መጥረብ ያዙ። በ1936 በርሊን ኦሊምፒክ ላይ ስዊድናዊው ቶርስተን ኡልማን በነጻ ሽጉጥ 559 ነጥብ አስመዝግቦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲይዝ፣ ይህ የእጀታ ጥበብ በአውሮፓ የቆየ ሙያ ሆኖ ነበር።

አሜሪካ ሌላ መንገድ ነው የሄደችው። እዚያ ውድድሩ የሚካሄደው በአብዛኛው በፋብሪካ ሪቮልቨርና በወታደራዊ ሽጉጥ ስለነበር የሚቀየረው እጀታው ብቻ ነው። በ1930ዎቹ መሐንዲሱ ዋልተር ሮፐር ጉዳዩን እንደ መሐንዲስ ያዘው። የትኛው ጣት ክብደት ይሸከማል፣ መዳፉ የቱ ጋ ይሞላል፣ ሽጉጡ ሲራገጥ ወዴት ይዞራል እያለ እየጠየቀ እጀታ ነደፈ፤ ያገኘውንም በመጽሐፍ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ በአይዳሆ ግዛት ትዊን ፎልስ ከተማ ስቲቭ ሄሬት ሥራውን በፖስታ ቤት በኩል አደረገው። ደንበኛው መዳፉን ወረቀት ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በእርሳስ ይስልና ይልካል፤ እጀታው በዚያ ልክ ተጠርቦ ይመጣለታል። ዛሬ መጠን ጠይቆ እጀታ የሚያዝ ሰው ሁሉ የሚሄደው እነዚህ ሰዎች በጠረጉት መንገድ ነው።

በዚሁ ጊዜ ሃንጋሪ ውስጥ አንድ ሰው ጥያቄውን ከማንም በላይ በከበደ መልኩ ተጋፍጦ ነበር። ካሮይ ታካች የሃንጋሪ ጦር የሃምሳ አለቃ ነበር። በ1936 ከአገሩ ምርጥ ተኳሾች አንዱ ቢሆንም ቡድኑ ውስጥ የሚገቡት መኮንኖች ብቻ ስለነበሩ በርሊን ሳይሄድ ቀረ። ክልከላው ተነሣና ተስፋው ሲለመልም፣ በ1938 በወታደራዊ ልምምድ ላይ ብልሹ የእጅ ቦምብ በቀኝ እጁ ፈነዳ። የሚተኩስበት እጅ ያ ነበር። አንድ ወር ሆስፒታል ተኝቶ ወጣና ለማንም ሳይናገር በግራ እጁ መለማመድ ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ጸደይ የሃንጋሪ ሻምፒዮና ላይ ብቅ ሲል የቀድሞ ጓደኞቹ ሊመለከት የመጣ መስሏቸው አጽናኑት። እርሱ ግን ተወዳድሮ አሸነፈ።

የታካች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጽናት ተብሎ ይነገራል፤ ይገባዋልም። ለእኛ ጉዳይ ግን ሌላም ነገር ያሳያል። የዒላማ ሽጉጥ እጀታ ቀኝና ግራ አለው። የአውራ ጣት ማረፊያው በአንድ ወገን፣ የመዳፍ ሙሌቱ በሌላው ወገን ስለሚቀመጥ የቀኝ እጅ እጀታ በግራ እጅ ሲያዝ እንቅፋት ነው። እጁን የቀየረ ሰው ልምዱን ብቻ ሳይሆን የእንጨቱንም ቅርጽ እንደ መስታወት ምስል መገልበጥ አለበት። ዛሬም ግራኝ ተኳሽ ያገለገለ ሽጉጥ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ አፈሙዙ አይደለም፤ ለዚያ ሞዴል የግራ እጀታ ይሠራለት እንደሆነ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የ1940ንና የ1944ን ኦሊምፒክ በላ። ታካች ለንደን ላይ በ1948 ሲቀርብ 38 ዓመቱ ነበር። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው አርጀንቲናዊው ካርሎስ ሳኤንስ ቫሊየንቴ "ለምን መጣህ?" ቢለው "ልማር" ብሎ መለሰለት ይባላል። ከዚያ በ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ 580 ነጥብ በማምጣት የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ቫሊየንቴ በ571 ሁለተኛ ሆነ። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ታካች በ579 ደገመው፤ አንድ ነጥብ ብቻ ዝቅ ብሎ የተከተለው የአገሩ ልጅ ሲላርድ ኩን ነበር።

ፈጣን ተኩስ እጀታውን የሚፈትነው ከነጻ ሽጉጥ በተለየ መንገድ ነው። አምስት ዒላማዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጥይት በ8፣ በ6፣ በመጨረሻም በ4 ሴኮንድ ውስጥ መተኮስ አለበት። ሽጉጡ በተራገጠ ቁጥር አፈሙዙ ሽቅብ ይዘላል፤ አፈሙዙን መልሶ ለማውረድ የሚባክነው ጊዜ ደግሞ የሚቀጥለው ዒላማ ጊዜ ነው። አፈሙዙ የሚዘለው መስመሩ ከእጅ በላይ ስለሚያልፍ ነው፤ ከፍታው በጨመረ መጠን ዝላዩ ይጨምራል። እናም እጀታን ከፍ አድርጎ፣ እጅን ወደ አፈሙዙ መስመር የማስጠጋት ፉክክር ተጀመረ።

ፉክክሩን እስከ ጫፍ የወሰደው ሽጉጥ የተወለደው ከአንድ ዓይነ ስውር ሰው ሥራ ነው። ሚካኤል ማርጎሊን በወጣትነቱ፣ በ1924፣ ጭንቅላቱን ቆስሎ የዓይኑን ብርሃን አጣ። ከዚያ በኋላ ነው የጦር መሣሪያ ነዳፊ የሆነው። ክፍሎቹን በእጁ እየዳሰሰ ያውቃቸዋል፣ ሐሳቡን ከሚበጅ ጭቃ መሰል ነገርና ከእንጨት እየሠራ ያሳያል፣ ሌሎች በቃሉ ይስላሉ። በስሙ የሚጠራው የዒላማ ሽጉጥ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት ለአሥርተ ዓመታት ተመረተ። በመዳሰስ ብቻ የተነደፈ መሣሪያ በመዳፍ ውስጥ ሲገባ ልክ መሆኑ አያስደንቀኝም፤ ማርጎሊን ሽጉጥን የሚያውቀው መዳፍ በሚያውቀው መንገድ ነበርና።

በማርጎሊን አሠራር ላይ ተመሥርቶ የመጣው "ሬኮርድ" የተባለው ሽጉጥ ተገልብጦ የተሠራ ነበር። አፈሙዙ ከእጅ በላይ መሆኑ ቀርቶ ከእጁ ትይዩ ወረደ። ግፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ክንድ ስለሚመጣ አፈሙዙ አይዘልም ማለት ይቻላል። በ1956 የሶቪየት ተኳሾች ይህን ሽጉጥ ይዘው ሜልቦርን ገቡ። ወርቁን ግን ሩማንያዊው ስቴፋን ፔትሬስኩ በ587 ወሰደ፤ የሶቪየቱ የቭጌኒ ቼርካሶቭ በ585 ሁለተኛ ሆነ።

ሽጉጡ ባያሸንፍም ደንብ አውጪዎቹን አስደንግጧል። ብዙ ሳይቆይ ታገደ። የዛሬው የ25 ሜትር ሽጉጥ ደንብ የአፈሙዙ መሃል መስመር በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ካለው የእጅ ስርጉድ በላይ ማለፍ እንዳለበት ያዝዛል፤ ሽጉጡም 300 በ150 በ50 ሚሊሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት። ክልከላው ትክክል ነበር እላለሁ። የመራገጥን ችግር መሣሪያው ሙሉ በሙሉ ከፈታው ውድድሩ የነዳፊዎች ይሆናል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የእጀታ ጠራቢ የሚሠራው በሁለት ወሰን መካከል ነው፤ በአንድ በኩል እጁ የሚፈልገው፣ በሌላ በኩል ሣጥኑ የሚፈቅደው።

ነጻ ሽጉጥ ግን አሁንም ነጻ ነበር። ራሱ ተኳሽ የነበረው የሶቪየቱ መሐንዲስ የፊም ሃይዱሮቭ ለቱላ ፋብሪካ ቶዝ-35ን ነደፈ። እጅ በእንጨቱ ውስጥ ይገባል እንጂ እንጨቱን አይጨብጥም፤ ዙሪያውን ይከበባል። በ1980 ሞስኮ ላይ አሌክሳንደር መለንትየቭ በዚህ ሽጉጥ 581 ነጥብ አስመዘገበ። ሁለተኛ የወጣው የምሥራቅ ጀርመኑ ሃራልድ ፎልማር 568 ነበር። በዚህ ስፖርት ውስጥ አንድና ሁለት ነጥብ ወርቅ ሲወስን፣ የ13 ነጥብ ልዩነት የሚያስገርም ነው። ያ ክብረ ወሰን 34 ዓመት ቆየ።

እጀታ ለብቻው የሚገዛ ዕቃ ሆኖ በአውሮፓ የተስፋፋውም በዚያው ዘመን ነው። ቼዛሬ ሞሪኒ በስዊዘርላንድ የጣሊያንኛ ተናጋሪ ክፍል ስሙን ያተረፈው ሽጉጥ ከመሥራቱ በፊት ለሌሎች ሽጉጦች እጀታ በመሥራት ነው። በጀርመን ካርል ኒል በሞሲንገን፣ ሪንክም በበኩሉ፣ ለዋልተር፣ ለሃመርሊ፣ ለፓርዲኒና ለመሳሰሉት ሽጉጦች የሚገጥም የዋልነት እጀታ በመጠን በመጠኑ ያቀርቡ ጀመር። የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ በ1970 ፊኒክስ ላይ በዓለም ሻምፒዮና፣ በ1988 ሴኡል ላይ በኦሊምፒክ ሲገባ ገበያው ሰፋ። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን የሽጉጥ ውድድር አግኝተው ካናዳዊቷ ሊንዳ ቶም ስታሸንፍ ደግሞ፣ የእጅ መጠን ጥያቄ ችላ የማይባል ሆነ። ለሰፊ የወንድ መዳፍ የተጠረበ እንጨት ለትንሽ እጅ እንደማይሆን ማንም ያውቃል፤ ሆኖም ትንሽ መጠን በመደርደሪያ ላይ ሲገኝ ብቻ ነው ዕውቀቱ ለተኳሿ የሚጠቅማት።

እዚህ ላይ ትረካውን ገታ አድርጌ ስለ ሥራው ራሱ ልናገር፤ ምክንያቱም አገጣጠሙ ከ1970ዎቹ ወዲህ እምብዛም አልተለወጠም። መጠን የሚመረጠው በመዳፍ ስፋትና በጣት ርዝመት ነው። ብዙ ጀማሪ ሱቅ ውስጥ ጥብቅ ብሎ የሚይዘውን ያነሳል፤ ይህ ስሕተት ነው። እጅ በሙቀት ያብጣል፣ በብርድ ይከሳል፤ ጠዋት በቀዝቃዛ ክፍል ልክ የነበረ እጀታ ከሰዓት በኋላ ያስጨንቃል። ሲጀመር ትንሽ ሰፋ ያለው ይሻላል፣ ቦታውን መሙላት ይቻላልና።

ከዚያ ብሎኖቹን አጥብቆ፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አረጋግጦ፣ ወደ ዒላማው ቆሞ ዓይን መጨፈን ነው። ክንዱን ያነሣል፣ አንጓውን ይቆልፋል፣ ዓይኑን ይከፍታል። የፊቱ ማነጣጠሪያ በኋላው ጎድጓዳ መሃል፣ ከላይም እኩል ሆኖ መገኘት አለበት። ደጋግሞ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድል ከሆነ እንጨቱ መዳፉን እየገፋው ነው፤ ከአንዱ ወገን ይሞረዳል፣ በሌላው ወገን ስቱኮ ይለጠፋል። ደጋግሞ ከፍ ወይም ዝቅ የሚል ከሆነ የእጀታው ዘንበል መስተካከል አለበት፤ አንዳንዶቹ እጀታዎች ለዚህ ብሎን አላቸው። እጅ ዓይንን ለማስደሰት ሲታገል ያኔ አይታወቅም፤ ከአርባ ጥይት በኋላ፣ ድካም ሲመጣ፣ አንጓው ወደ ተፈጥሮ ቦታው ሲመለስ ነው የሚታወቀው።

የሥራው ሁለተኛ ክፍል ጣቶች ናቸው። ክብደቱን የመሃል ጣት ከቃታ መከለያው ሥር ይሸከማል፣ የቀለበት ጣት ይረዳዋል፤ ግፊቱ ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ወደ መዳፉ ነው። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ያርፋሉ እንጂ አይጨብጡም። አመልካች ጣት እንጨቱን ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ ከነካ ቃታው ሲሳብ ሽጉጡን ወደ ጎን ይገፋዋል። ፋብሪካው ከቃታው አጠገብ በዛ ያለ እንጨት ትቶ ከሆነ መጀመሪያ የሚሞረደው ያ ነው። የመዳፍ ግርጌ መደገፊያው ደግሞ እጁን ከታች ነካ አድርጎ ይቆማል፤ አጥብቆ ከተነሣ ደም ይገታል፣ እጅም መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ስቱኮው በቀጭኑ ይለጠፋል፣ ሳይደርቅ በእጅ ተይዞ ቅርጹን ይወስዳል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። የእንጨቱ ገጽ በስለት ጫፍ ተጠቅጥቆ ሻካራ ይደረጋል፤ ላብ ያለው መዳፍ በለሰለሰ ዋልነት ላይ ይንሸራተታል። ሥራው በአንድ ቀን አያልቅም። ትንሽ ሞርዶ፣ ሳምንት ተኩሶ፣ እንደገና ትንሽ መሞረድ ነው። በመጨረሻ የሚገኘው እጀታ መልኩ አያምርም፤ የተጠጋገነ፣ የተቧጠጠ፣ ቀለሙ የተዥጎረጎረ ነው። በታላላቅ ውድድሮች ላይ የሚታዩት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

በ2005 የፈጣን ተኩስ ደንብ ተቀየረ። ግፊታቸው እጅግ ለስላሳ የነበሩት አጫጭር ጥይቶች ታገዱ፣ የቃታው ክብደት ወደ 1000 ግራም ከፍ አለ፤ ሽጉጡም ከ1400 ግራም በላይ መመዘን አይችልም። ቀድሞ በጥይቱ ለስላሳነት ይሸፈን የነበረ የእጀታ ጉድለት በአንድ ጊዜ ተገለጠ፤ እጀታ ዳግም መሥራት ያስፈለገው ብዙ ነው።

የነጻ ሽጉጥ የመጨረሻው ታላቅ ሰው ደቡብ ኮሪያዊው ጂን ጆንግ ኦ ነው። በ2014 ግራናዳ ላይ 583 ተኩሶ የመለንትየቭን 581 ሰበረ። በ2016 ሪዮ ላይ ሞሪኒ ለእርሱ የሠራለትን ቀይ ሽጉጥ ይዞ በፍጻሜው 6.6 ነጥብ የሆነች መጥፎ ጥይት ተኮሰ። ከመውደቅ አፋፍ ተመልሶ በ193.7 ወርቁን ወሰደ፤ በተመሳሳይ ውድድር ሦስት ኦሊምፒክ በተከታታይ ማሸነፉ ነበር። በዓመቱ የ50 ሜትር ሽጉጥ ከኦሊምፒክ እንዲወጣ ተወሰነ፤ ቦታው ለድብልቅ ቡድን ውድድሮች ተሰጠ። በዚህ ውሳኔ አዝናለሁ። የሰው እጅ ከመሣሪያ ጋር ምን ያህል ሊዋሐድ እንደሚችል በነጻነት የተሞከረበት ብቸኛው መድረክ እርሱ ነበር። ዛሬ እጅን ዙሪያውን የሚያቅፈው እጀታ ኦሊምፒክ ውስጥ ቦታ የለውም።

የቀረው የአየር ሽጉጥና የ25 ሜትሩ ነው። በ2024 ፓሪስ ላይ ዓለም የቱርኩን ዩሱፍ ዲኬችን ኪሱ ውስጥ ያለ እጅና የኮሪያዊቷን ኪም ዬ ጂን መነጽር ሲያወራ ሰነበተ፤ ሽጉጡን የያዘው እጅ የሚያርፍበትን እንጨት ያነሣ ብዙም አልነበረም። አሁን መዳፍን በስካነር አንብበው በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ እጀታ የሚያወጡ ሠሪዎች አሉ። መነሻው ከሄሬት የእርሳስ ሥዕል በእጅጉ የተሻለ ነው። ስካነሩ የሚያነበው ግን ያረፈን እጅ ነው፤ ስልሳ ጥይት የተኮሰን እጅ አይደለም። ስለዚህ ከማተሚያ የወጣውም ሞረድና ስቱኮ ይቀምሳል።

ከውድድሩ በፊት ሽጉጡ ወደ መሣሪያ ምርመራ ጠረጴዛ ይቀርባል። የአየር ሽጉጡ 420 በ200 በ50 ሚሊሜትር ከሆነ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ከ1500 ግራም እንዳይበልጥ ይመዘናል፣ ቃታው 500 ግራም መሸከሙ ይፈተናል። ከዚያ መርማሪው የመዳፍ መደገፊያውን ያያል። መደገፊያው ከእጀታው ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ማነስ የለበትም፤ ጠርዙ ወደ ላይ ታጥፎ እጅን መቆለፍ አይችልም፣ አንጓውም ነጻ ሆኖ መታየት አለበት። ጠርዙ ከፍ ብሎ የተገኘበት ተኳሽ እዚያው ሞርዶ አስተካክሎ ይመለሳል፤ ልምድ ያላቸው ተኳሾች ሞረዱን ከሽጉጡ ጋር በአንድ ሻንጣ የሚይዙት ለዚህ ነው።